ውሃ ያልጠጣው ፎጣ

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት በማለዳ በገዛ ማጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተዘርሮ ተገኘ። ከጎኑ አንድ ባልዲ ነበር። ከባልዲው የሚወጣው ሽታ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ጎጆ የሚቀልስ ዓይነት ነው። አጥሩ ላይ ተኝታ የነበረች ድመት አስነጥሳ አስነጥሳ ሰፈሩን ጥላ ሄደች ይባላል። ድመቷን ያየ አንድም ሰው የለም፤ የማይምል ግን አልተገኘም።

የሰፈሩ ፖሊስ ብዙ አልደከመም። ባልዲውን አሸተተ፣ ሳለ፣ እንባውን ጠረገና ፈረደ። አቼቶና በረኪና ተቀላቅለዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሟቹ ደግሞ አስም ነበረበት። የቀረው በዚህ ቤት አቼቶ የሚያዘወትረው ማን ነው የሚለው ብቻ ነበር፤ ይህን ደግሞ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

አጣቢዋ የሟቹ ታናሽ እህት ናት። ሰፈሩ «እትዬ አቼቶ» ይላታል። በጠርሙስ የሚሸጠውን ውድ የልብስ ማለስለሻ ከቤቱ ያባረረችው እሷ ናት። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ታክልበታለች፤ ልብሱ ይለሰልሳል፣ የአቼቶው ሽታ ልብሱ ሲደርቅ ይጠፋል። ለሚሻክር ልብስ መዘፍዘፊያው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ትነሰንሳለች። ማድረቂያው ውስጥ ያረጀ የቴኒስ ኳስ ትወረውራለች፤ ኳሱ ፎጣውን እየደበደበ ያፍታታዋል። ይህን ሁሉ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ታስተምራለች። እሷ ያጠበችው ፎጣ ላይ ያረፈች ዝንብ እንቅልፍ ጥሏት ምሳ ሰዓት አለፋት እስኪባል ድረስ ሰፈሩ አምኗታል።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። በስህተት ነው በይና እንገላገል፤ አቼቶሽን ትደፊያለሽ፣ ሁለተኛ አልነካም ትያለሽ፣ ጉዳዩም በቀላሉ ያልፋል አላት። እምቢ ካለች ግን መታሰሯ ነው።

እትዬ አቼቶ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ወንድምጋሼን የገደለው እጄ አይደለም። ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ ብዬ ከምፈታ፣ አላደረግኩም ብዬ ልታሰር። አቼቶዬንም አልደፋም።»

ፖሊሱ ግራ ሲገባው የበላይ መርማሪ አስጠራ።

የመጣው ሻምበል ቅጽል ስሙ «ቆቅ» ነው፤ ሰው ሳይናገር ይሰማል ይሉታል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ የሸሚዙ አንገትጌ እንደ ቆርቆሮ ስለሚቆም ዞር ለማለት ከነትከሻው ነው የሚዞረው። ክፍሉን ዞረው። መስኮቱ ተዘግቷል። የበሩ መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው። ኮሪደሩ ጥግ ላይ አንድ ፎጣ ተጥሏል፤ በቁመቱ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ሆኗል። አነሳው፣ አሸተተው። ከበረኪናው ሽታ ስር የአበባ ሽቶ ይሸታል።

መጀመሪያ እህቲቱን ጠየቀ።

«በረኪና ይጠቀማሉ?»

«ለነጭ አንሶላ፣ ያውም በመጀመሪያው እጥበት። አቼቶ የሚገባው ሁሉም ነገር ታጥቦ ሲያበቃ ነው። በረኪና የነካውን ልብስ ደግሞ ጨርሶ አቼቶ አላስጠጋውም። እኔ ቤት ሁለቱ እንደተጣሉ ጎረቤቶች ናቸው ሻምበል፣ ሰላምታም የላቸውም።»

ቀጥሎ ልብስ ተኳሹ ገባ፤ «ካውያ» ይሉታል። አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው። ሟቹ ከትናንት ወዲያ ሸሚዝ አቃጠልክ ብሎ መንገደኛው እስኪቆም ድረስ ስለጮኸበት፣ ጣት ወደ እሱም ሊቀሰር እንደሚችል ያውቃል፤ ላቡ ይወርዳል። እንደ ልማዱ ከሁሉ በፊት ብቻውን ገብቶ ውሃውን የሚከፍተውና ማሽኖቹን የሚያስነሳው ሟቹ ራሱ እንደነበር ተናገረ። እሱ ሲደርስ የኋላው በር ሲላጋ ሰማ፤ ማሽኖቹ እያጓሩ ስለነበር ሌላ ድምፅ አልሰማም።

«ፎጣውስ?»

«የማጠቢያ ክፍሉ በር ስር ተወትፎ ነበር። መወልወያ መስሎኝ በእግሬ ገፋ አድርጌ ገባሁ።»

በመጨረሻ ለለቅሶ የመጣው የማለስለሻ አከፋፋይ ተራ ሆነ። ለሰፈሩ ማለስለሻ የሚያቀርበው እሱ ብቻ ነው። ሟቹ በቅርቡ የአከፋፋዩን የማስታወቂያ ሰሌዳ ከበሩ ላይ ነቅሎ፣ በቦታው «እዚህ በአቼቶ እናጥባለን» የሚል ሰቅሏል። አከፋፋዩ ግን ቂም የለኝም አለ፤ የሚያሳዝነው የሰፈሩ ሰው ሞኝነት ነው።

«ሁሉም ከዳኝ ሻምበል። ዛሬ እዚህ ሰፈር ከእኔ ቤት በቀር ማለስለሻ የሚሸት አንድ ጨርቅ አያገኙም። ያችን ሴትዮ ተዪ ብያት ነበር፤ ይኸው አቼቶዋ ሰው በላ።»

«እርስዎ በረኪና ይጠቀማሉ?»

«እኔ? በእጄም ነክቼ አላውቅ። እኔ የማለስለስ ሰው ነኝ።»

ቆቅ ከነትከሻው ጎንበስ ብሎ የአከፋፋዩን ጥቁር ሱሪ ጫፍ አየ። ቀና ብሎም ከሰዓት በኋላ ሁሉም ከቤቱ አንድ አንድ ንጹህ ፎጣ ይዞ እንዲመጣ ብቻ አዘዘ።

ከሰዓት በኋላ በመተኮሻው ክፍል ተሰበሰቡ። ካውያ ያመጣው ዳሩ የተበላ ፎጣ ነው። እትዬ አቼቶ የወንድሟን ፎጣ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ፖሊሱም አንተም አምጣ ተብሎ አምጥቷል። አከፋፋዩ የእሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ነበር፤ አውጥቶ ለእያንዳንዱ ሰው አስዳሰሰ። ለስላሳነቱን ለማሳየት ዕድል አግኝቶ ፊቱ በርቷል።

ቆቅ ፎጣዎቹን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ከበሩ ስር የተገኘውን ከዳር አኖረ። አንድ አንድ ማንኪያ ውሃ እየቀዳ እያንዳንዱ ላይ አፈሰሰ።

የካውያ ፎጣ ጠጣ። የሟቹ ጠጣ። የፖሊሱም እንደ ተጠማ ሰው ጭልጥ አደረገው፤ ፖሊሱ ጣሪያውን እያየ፣ ቤት ውስጥ አጣቢዋ ሚስቱ እንደሆነች፣ በምን እንደምታጥብ እሱ እንደማያውቅ አጉተመተመ። የአከፋፋዩ ፎጣ ላይ ግን ውሃው እንደ መስታወት ጠጠር ቆመ፣ ተንከባለለ፣ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ከበሩ ስር የተገኘውም ልክ እንደዚያው አደረገ።

«ማለስለሻ ክሩን እንደ ሰም ይለብሰዋል» አለ ቆቅ። «ለእጅ ይመቻል፤ ውሃ ግን አያስገባም። ውሃ በማይጠጣ ፎጣ ወለል የሚወለውል የለም፤ ስለዚህ ይህ መወልወያ አልነበረም። የዚህ ቤትም አይደለም፤ እዚህ ማለስለሻ አይገባም። ደንበኛም አላመጣውም፤ ደንበኛ የሚያመጣው ቆሻሻ ልብስ ነው፣ ይህ ግን ንጹህ ነበር። ታዲያ ከየት መጣ?»

አከፋፋዩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ማለስለሻ የሚጠቀመው ብዙ ሰው ነው።»

«ጠዋት እንዲያ አላሉኝም። ከእርስዎ ቤት በቀር አንድም የለም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ቆቅ ቀጠለ። ገዳዩ ሟቹ በማለዳ ብቻውን እንደሚገባ ያውቃል። ቀድሞት በኋላው በር ገባ፤ ከቤቱ ባመጣው ፎጣ አፍንጫውን ሸፍኖ በረኪናውን አቼቶው ላይ ደፋ። ሟቹ ገብቶ ማሽኖቹን ሲያስነሳ ከተደበቀበት ወጥቶ በሩን ከውጭ ቀረቀረ፤ ጋዙ እንዳያመልጥ ፎጣውን ስሩ ወተፈ። ሟቹ አስሙ ተነስቶበት መስኮቱን ለመክፈት እንኳ አቅም አጣ፤ ጩኸቱን ማሽኖቹ ዋጡት። የካውያን እግር ሲሰማ መቀርቀሪያውን ከፍቶ ሸሸ፤ ፎጣውን ግን ለማንሳት ጊዜ አላገኘም።

«በረኪና ሲረጭ ደግሞ ያስታውቃል» አለና ወደ ጥቁሩ ሱሪ ጠቆመ። ጫፉ ላይ የነጡ ነጠብጣቦች ተበታትነዋል። «በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰው በእግራቸው እንዴት ነኩት?»

አከፋፋዩ ሱሪውን አየ፣ ፎጣውን አየ፣ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ድምፁ ወረደ። «አንድ ሰው በአቼቶ ሞተ ከተባለ ሰፈሩ ይመለሳል ብዬ ነው።»

እትዬ አቼቶ ተነሳች። ሁሉም የምትመታው መስሎት ነበር። «ወንድሜን ነው የገደልከው» አለች ቀስ ብላ። «እሱን መመለስ አልችልም። ሰፈሩ ግን ወደ አንተ አይመለስም። እኔ አለሁ።»

ፖሊሱ አከፋፋዩን ይዞ ሲወጣ አጠገቧ ሲደርስ ቆመ፤ አቼቶሽን ድፊ ማለቴ እንዳስቀየመሽ ገባኝ አላት። እሷም ለሚስቱ ሰላም በልልኝ ብላ መለሰች።

ከዚያ ወደ ማጠቢያው ክፍል ገብታ ተዘግቶ የዋለውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። የወንድሟን ሸሚዝ በመጨረሻው ውሃ ነከረች፤ የአቼቶውን ጠርሙስ አነሳች። መንገዱ ላይ የተሰበሰበው ሰው ትንፋሹን ይዞ ያያታል።

ቆቅ በሩ ላይ ቆሞ ለመሰናበት ከነትከሻው ዞረ።

«ሻምበል» አለች ጠርሙሱን እያንቆረቆረች፣ «ያንን ሸሚዝ ያውልቁና እዚህ ይጣሉት። አንገትጌው ነገ ለስልሶ ይጠብቅዎታል፤ አንገትዎን ግን ይዤ አላድርም።»