ግድግዳው ላይ ያልተጻፈው

«ይኸው! የአጎቴን ስም አገኘሁት!» አለች ጓደኛዋ፣ ጣቷን የሟቾች ስም የተቀረጸበት የእብነ በረድ ግድግዳ ላይ ተክላ። «አንቺስ?»

ልጅቷ ዓይኗን ከስሞቹ ላይ አነሳች። የታሪክ መምህሩ ክፍሉን በሙሉ ወደ ጦርነቱ ሐውልት ያመጡት፣ ሁሉም የሞተ ዘመዱን ስም ፈልጎ ስለ እሱ እንዲናገር ነው። ከነሐሱ ወታደር እግር ሥር ተማሪው ይንጫጫል። የእሷም አባት የሞተው በዚያው ጦርነት ነው። የተዋጋው ግን ይህችን ከተማ ከከበቡት ጋር ነበር። ወደዚህ ሲዛወሩ እናቷ፣ «የጠየቀሽ ካለ ታሞ ሞተ በይ» ብላ አስጠንቅቃታለች።

«የለኝም» አለች በመጨረሻ።

«አቦ አታካብጂ! አንዱን ምረጪና ዘመዴ ነው በያ። ማን ያጣራል?»

ብቻዋን ወደ ግድግዳው ጀርባ ዞረች። ከታች፣ ሣር ግማሹን የሸፈነው ስም አገኘች። ቁጢጥ ብላ ሣሩን ገለጥ አደረገችና ውሸቷን ትለማመድ ጀመር። «አጎቴ ነው። ሳቂታ ነበር…»

«ወንድሜን ታውቂዋለሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

ዘወር አለች። አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ቆመዋል። «ከእኔ ሌላ እዚህ ስም ጋ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

አዎ ብትላቸው እንዴት ደስ ባላቸው! ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«አላውቃቸውም» አለች። «በስማቸው ልዋሽ ነበር። የእኔ አባት… ከዚያኛው ወገን ነበር። እዚህ አልተጻፈም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስድቡን ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን ዘንቢላቸውን አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።

«መቃብሩስ?»

«አናውቀውም።»

«የኔውም አልተገኘም። ይኼን ድንጋይ ነው የምጠራርገው።» ድንጋዩን በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉና፣ «ምን ዓይነት ሰው ነበር አባትሽ?» አሏት።

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። እናቷ እንኳ ስሙ ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች።

አፏን ልትከፍት ስትል መምህሩ ተማሪዎቹን አስከትለው በግድግዳው ጥግ ብቅ አሉ። ጓደኛዋ ከፊት ሆና ጠቀሰቻት። ሴትዮዋ አሁንም መልሷን ይጠብቃሉ።

«አባቴ ማፏጨት ይወድ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ወታደር ነበር። ከተማዋን ከከበቡት ጋር።»

ጫጫታው ቀጥ አለ።

«ጠዋት ጫማዬን ሲያስርልኝ ያፏጭ ነበር» ብላ ቀጠለች።