ያለ ጣቱ የገባ ቀለበት

ወርቅ አንጥረኛው በምሳ ሰዓት ከመወልወያ ማሽኑ ሥር ተዘርሮ ተገኘ። የግራ እጅጌው በማሽኑ ተጠምጥሟል፤ ማሽኑም ገና ያጉረመርማል። ያገኘችው ሃያ ዓመት አብራው የሠራችው ወልዋይ ናት፤ ምሳዋን በልታ ስትመለስ። ማሽኑን አጠፋች፣ ጮኸች፣ ሰው ጠራች። ለዚህ ውለታዋ የጣቢያው አዛዥ ካቴና አጠለቀላት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስለቀጠነች ሳይሆን ስለምትወጋ ነው። እሷ ስትደርስ አዛዡ ሆዱን አስቀድሞ በር ላይ ተቀበላት።

«ጉዳዩ አልቋል። አደጋ ለማስመሰል ተሞክሯል፤ ቁስሉ ግን ከጭንቅላቱ ኋላ ነው። ገፍታው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

«በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«ኧረ ክፍት ነበር።»

«ታዲያ ቁልፉ ምን ያደርግልሃል?»

አዛዡ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሲዘጋው ያምርበታል አለች መርፌ በሆዷ፤ ከዚያ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች።

በግራ እጁ የቀለበት ጣት ላይ ወፍራም የጋብቻ ቀለበት አለ። የጣቱ መገጣጠሚያ ያበጠ ነው፤ ቆዳው ተልጦ ደም ደርቆበታል። ጠረጴዛው ላይ የመወልወያ ቀይ ዱቄት የያዘ ቆርቆሮ ተከፍቷል፤ ዱቄቱ በጣት ተምሷል።

ወልዋይዋ ጥግ ላይ፣ በካቴና የታሰሩ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ጌታሽ ማሽን ላይ ቀለበት ያደርግ ነበር?»

«ኧረ በስመአብ! ማሽን ላይ ቀለበት? ጣት ነቅሎ ይሄዳል እኮ! ጋሼ ሥራ ሲጀምር አውልቆ ቀዩ ዱቄት ውስጥ ይቀብረዋል። ሌባ እንኳ እዚያ እጁን አይከትም ይል ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ይስቁበት ነበር።» ከዚያ በሩን አየች። «እመቤቴ፣ ልጄ በአሥር ሰዓት ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ብታሰር ማን ያሳድጋታል?»

መርፌ ሰዓቷን አየች። ስምንት ተኩል ነበር።

የሟች ሚስት ከመሥሪያ ክፍሉ ጀርባ ባለው ጓዳ ውስጥ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ እንደመጣች ቁጭ ብላለች። ስለ ቀለበቱ ስትጠየቅ እንባዋ መጣ።

«ጣቱ በሥራ አብጦ አልገባ ካለው ስድስት ዓመቱ ነው። ቀለበቱን አስፋው ስለው፣ “አንቺ ያጠለቅሽልኝን መጋዝ አላስነካውም” አለና ትንሿ ጣቱ ላይ አደረገው። ሰው ይስቅበት ነበር፤ እሱ ግድም አልነበረው።»

«ሰሞኑን ከማን ጋር ተጣላ?»

«መጣላት እንኳ… ወልዋይዋን እኩል ባለድርሻ ሊያደርጋት፣ የሱቁ ሰሌዳ ላይ ስሟን ከስሙ ጎን ሊያጽፍ ነበር። እኔ ደግ አደረግህ አልኩት። ትናንት ለወንድሙ ነገረው። ወንድሙ ግን ምግቡን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ።»

ይህን ታናሽ ወንድም ሠራተኞቹ ሁሉ «ክቡርነታቸው» ይሉታል። ሠርቶ አያውቅም፤ ሠርቶ አለማወቁን ግን እንደ ማዕረግ ይዞታል። በቀኝ እጁ ላይ አራት ቀለበት ደርድሮ፣ እየደባበሳቸው፣ ወንድሙ ሳይሆን ጎረቤት የሞተበት መስሎ ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል።

«ቀለበትዎ ያምራል» አለችው መርፌ። እንዲህ ያለ ሰው በምን እንደሚታለብ ታውቃለች።

ፊቱ በራ። «ሁሉም ትርጉም አለው፣ እመቤት። አውራ ጣት ላይ ሲሆን የሥልጣን ነው። ሌባ ጣት ላይ የአዛዥነት፣ የመሃል ጣት ላይ የጨዋነት። አራተኛዋ ጣት ደም ሥሯ በቀጥታ ልብ ይገባል ይባላል፤ እሷ ለትዳር ናት።»

«ትንሿ ጣትስ?»

ኮምጣጤ እንደቀመሰ ሰው ፊቱን አጨማደደ። «እሷማ የደላላ ናት።»

«ወንድምዎ ግን እዚያ ነበር የሚያደርገው።»

«ስንቴ መከርኩት! ያዋርደን ነበር። የትልቅ ሰው ልጅ!»

«እዚህ መሥሪያ ክፍል የገቡት መቼ ነው?»

«ዓመት አልፎኛል። ይሄ አቧራ ልብስ ያበላሻል።»

መርፌ ይህን ሰምታ ሄደች፤ አንጥረኛውን ያየውን ሐኪም አነጋገረች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ወንበር ያገኘው ክቡርነታቸው ብቻ ነው፤ ሚስትየዋ ቆማለች።

«ገዳዩ ሰውየውን ከጣለ በኋላ እጅጌውን በማሽኑ ከመጠምጠም ሌላ አንድ ሥራ ሠራ» አለች። «ቀለበቱን ከዱቄቱ አውጥቶ አጠለቀለት። እስቲ አዛዥ፣ ወልዋይዋ ብትሆን ኖሮ የማሽን አደጋ ልታስመስል ፈልጋ ቀለበት ታጠልቅለታለች? በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት የኖረች ሴት?»

አዛዡ የካቴናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ዳበሰ።

«ሚስቱ ብትሆንስ? ትንሿ ጣቱ ላይ ታደርገው ነበር። ስድስት ዓመት ያየችው እዚያ ነው። ይሄ ግን በግድ፣ ባበጠ ጣት ላይ ተጎትቶ የገባ ነው።»

«ሰው ሲደነግጥ ይሳሳታል» አለ ክቡርነታቸው።

«ይሄ ስሕተት አይደለም፣ እርማት ነው። ያቺ ትንሽ ጣት ዓይኑን የምትወጋው አንድ ሰው ብቻ ነው። እስቲ ቀለበቶችዎን ያውልቁ።»

«እኔ? በማን ትእዛዝ?»

«ቅድም ትርጉማቸውን በነጻ አስተምረውኛል፤ አሁን ደግሞ ያሳዩኝ።»

ሚስትየዋ ሳትጠየቅ የራሷን ቀለበት አውልቃ እጇን ዘረጋች፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ንጹሕ ነው። እሱም አማራጭ አጥቶ አንድ በአንድ አወለቀ። በእያንዳንዱ ቀለበት ሥር ቀይ ዱቄት ቀለበት ሠርቶ ተጣብቋል።

«እጅዎን ደህና አድርገው ታጥበዋል» አለች መርፌ። «ግን ጌጡን የማያወልቅ ሰው ከጌጡ ሥር አይታጠብም። ዓመት ሙሉ ያልገቡበት ክፍል ዱቄት እንዴት እዚያ ገባ?»

ክቡርነታቸው ተነሳ፤ ክብሩ ግን አብሮት አልተነሳም። «ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም! የአገልጋይ ስም ከአባታችን ስም ጎን ሊሰቅል! ወደቀ፣ ሞተ። ባለትዳር ሰው ባዶ ጣቱን ሕዝብ እንዳያየው ብዬ ነው…»

«አልሞተም ነበር። የጣቱ ቆዳ ተልጦ ደምቷል፣ ዙሪያው ጠቁሯል። የሞተ ሰው ቆዳ እንዲህ አይደማም። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ያህል ኖሯል ብሎኛል፤ ወዲያው ሐኪም ቢጠራለት ይተርፍ ነበር። ክሊኒኩ ከመንገዱ ማዶ ነው።»

አዛዡ ማንም ሳያዘው የወልዋይዋን ካቴና ፈታ። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ገብቶት ነበር፤ ቃሉን ግን ከየት ያምጣው?

ሚስትየዋ ወደ ወንድምየው ቀረበች። ሁሉም በጥፊ የምትለው መስሏቸው ነበር።

«እጁን ይዘኸዋል ማለት ነው» አለችው ቀስ ብላ። «እጁን ይዘህ፣ ሙቀቱ አልተሰማህም?»

አንገቱን ደፋ። «አልገባ ብሎኝ ነበር» አለ። «ቀለበቱን ነበር የማየው።»

ወልዋይዋ ይህን ለመስማት አልቆየችም፤ ወደ ልጇ ትምህርት ቤት እየሮጠች ነበር።