ሰባተኛው ገንዳ

ዶክተር ልዑልሰገድ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው የሚገባው ዓለም በሙሉ እሱን ሲጠብቅ ያደረ ይመስል ነበር። ለዘበኛው የእግዜር ሰላምታ እንኳ አይሰጥም፤ ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ከሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ምርምር ቤት ኮሪደር ቁልፉን እያንቃጨለ ያልፋል። ሥራው ዓሣ ከምግቡ የሚያገኘውን ብረትና ዚንክ፣ በዓይን ቀርቶ በሚዛን የማይያዘውን ጥቃቅን ማዕድን ሁሉ፣ በመሣሪያ መለካት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ በምድር ላይ ያለ አይመስለውም፤ ከእሱ የሚበልጥ ሰውማ ጭራሽ።

ስምንቱ የሲሚንቶ ገንዳዎች መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተደርድረዋል። ውሃው እንዳይሻግት ብርሃን ስለማይገባበት፣ እዚያ የሚሰማው አየር የሚነፋው ፓምፕ ጉርጉርታ፣ የሚሸተውም እርጥብ ሲሚንቶና የዓሣ መኖ ብቻ ነው። በየገንዳው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይረባል። መኖው ተመዝኖ ይሰጣል፤ በየወሩ ከየገንዳው አንድ ዓሣ ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ይለካል። ዓሣው ውስጥ የሚገኘው ማዕድን በመኖው ከገባው መብለጥ የለበትም። የሦስት ዓመት ጥናቱም ሆነ ያ የቋመጠለት ፕሮፌሰርነት የተንጠለጠለው በዚሁ ላይ ነበር።

ሰባተኛው ገንዳ ግን አልገጥም አለ። ዓሦቹ ከበሉት እጥፍ ብረት ተሸክመው ተገኙ።

«ባዩሽ!» ብሎ ጮኸ። ባዩሽ ዓሦቹን የምትመግበው ሠራተኛ ናት፤ አርባ ያለፋት፣ ሰሞኑን ፊቷ ገርጥቶ ግድግዳ እየተደገፈች የምትሄድ። «ምን ነክረሽበት ነው? የዛገ ባልዲሽን?»

«ኧረ ምንም አልነከርኩም ዶክተር። እነዚያ ዓሦች ግን ደግ አይደሉም። መኖውን ትተው ሰው ነው የሚያዩት።» ሻሿን ገለጥ አደረገችለት፤ ፀጉሯ ተመልጦ የራስ ቅሏ ይታያል። «ከነሱ ጋር ከዋልኩ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት።»

«ተረትሽን ለጎረቤቶችሽ!» አለና የክፍሉን ቁልፍ ቀማት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ራሱ ይመግብ ጀመር። እሱ የማያውቀው ሥራ የት አለና! ሌሎቹ ገንዳዎች መኖ ሲበተንላቸው ይራኮታሉ፤ ሰባተኛው ጸጥ ይላል። መኖው ሳይነካ እየረጠበ ሲሰምጥ፣ ዓሦቹ እሱ በቆመበት በኩል ተሰብስበው፣ አፋቸውን ወደ እሱ አዙረው፣ ክንፋቸውን እንኳ ሳያንቀሳቅሱ ይቆያሉ። ወደ በሩ ሲሄድ ከኋላው ውሃው ቀስ ብሎ ሲላወስ ይሰማዋል። ዞሮ ባትሪ ሲያበራ ሁሉም በበሩ በኩል ናቸው።

«ዓሣ ምን ያውቃል?» ይላል በሩን እየቆለፈ።

በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ሲጠጣ ምላሱ ላይ የምስማር ጣዕም ቀረ። ፀጉሩ በማበጠሪያው እፍኝ እፍኝ ይወጣ ጀመር። አንድ ቀን ዳቦ ሲያኝክ መንጋጋ ጥርሱ ወለቀ፤ ደም እንኳ አልወጣውም። ሥራ የበዛበት ሰው ጥርሱም ይወልቃል ብሎ በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ጉድ እኮ ነው!

ባዩሽ ግቢው ውስጥ ስትጠርግ አገኘችው። ጉንጯ ሞልቷል፣ ከሻሿ ሥር አዲስ ፀጉር ብቅ ብሏል።

«ዶክተር፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እዚያ ክፍል አይግቡ። ከስተዋል እኮ!»

«አንቺ ነሽ እኔን የምትመክሪው?» አለና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈ።

በወሩ መጨረሻ ሦስት ጊዜ ለካ። ሦስቴም ያው ነው፤ አሁን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሆኗል። አንድ ገንዳ፣ ሊያውም የዓሣ መንጋ፣ ማዕረጉን ሊከለክለው! ዓይኑን በጨው ታጥቦ መዝገቡን ገለጠና፣ «ሰባተኛው ገንዳ፦ መብራት ተቋርጦ፣ አየር አጥሯቸው፣ ዓሦቹ በሙሉ ሞተዋል» ብሎ ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ቀሪው ሥራ መግደሉ ብቻ ነበር።

በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ወደ ጨለማው ክፍል ገብቶ የገንዳውን መውረጃ ከፈተ። ውሃው እየተንቋረረ ይወርድ ጀመር። ዓሦቹ ሲፈራገጡ ለማየት ጓጉቶ ባትሪውን ደገነ። አንዱም አልተፈራገጠም። ውሃው ወደ ግማሽ ሲደርስ የሸሚዙን ኮሌታ ፈታ። ወደ ሩብ ሲወርድ አየሩን በአፉ ሙሉ ሳበ፤ አየሩ ገባ፣ ግን የሚፈይደው ነገር አልነበረም። መውረጃውን መልሶ ለመዝጋት ገንዳው ውስጥ ሲገባ በደረቱ ወደቀ። ያኔ ነው ከልቡ የፈራው፤ ባዩሽን ሊጣራ ቢሞክርም ድምፅ አልወጣው አለ።

ለመጥረግ ቀርታ የነበረችው ባዩሽ ውሃው ሲንቋረር ከኮሪደሩ ሰምታ እየሮጠች መጣች። ወድቆ ይበራ በነበረው ባትሪ ብርሃን፣ ዓሦቹ በደረቁ ሲሚንቶ ላይ ተጋድመው እንደ ተኛ ሰው በዝግታ ሲተነፍሱ አየች፤ ዶክተሩ ግን የመውረጃው ቀዳዳ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ለመጨረሻዋ ጠብታ ውሃ አፉን ይከፍትና ይዘጋ ነበር።