መብራት ጠፍቶ የበሰለው ድንች

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ ሙት ታየ፣ ቤት ውስጥ ነገር ተንቀሳቀሰ የሚባል ወሬ ሲነሳ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሳይ ኖሬያለሁ፣ ያለ ነገር መስታወቱ ላይ ይታያል፣ ካልታየ የለም፣ በቃ። ደግሞ ይሄ የምነግራችሁ ነገር ሌሊት ሆኖ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው፣ ድካም ነው ብዬ እተወው ነበር፣ የሆነው ግን ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው፣ ዓይኔ ፍጥጥ ብሎ፣ እህቴ ትጉ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እመኑኝ።

እናታችን ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነበረች፣ አልጋው ደግሞ አዲስ አበባ፣ እኔ ቤት። ማጠቡ፣ ማገላበጡ፣ ማጉረሱ፣ ሌሊት ስታቃስት መነሳቱ፣ ሁሉም በእኔ ጫንቃ። ትጉ ኑሮዋ ሐዋሳ ነው፣ ባል አላት፣ ልጆች አሏት፣ የልብስ ሱቅ አላት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የመጣችው አራት ጊዜ ነው፣ በመጣች ቁጥር ደግሞ የእናቴ ፊት ይበራል፣ እኔ ሳጎርሳት ግጥም አድርጋ የምትዘጋውን አፍ ለትጉ ትከፍታለች፣ ትጉ ስትሄድ "ልጄ ሄደች?" ትለኛለች። ልጄ! እኔ ምኗ እንደነበርኩ እንጃ።

ከቀብር በኋላ ከትጉ ጋር ተኳረፍን። ለሙት ዓመቱ ጨንቻ ያለችው አክስታችን ለሁለታችንም ደወለች፣ "በተወለደችበት ደብር ነው የምትታሰበው፣ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ፣ ኩርፊያችሁን ይዛችሁ ግን ደጄን እንዳትረግጡ" አለች። በማግስቱ ትጉ ደወለችልኝ።

"እታለም፣" አለችኝ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ፣ "ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለን አርባ ምንጭ እንግባ፣ ቤት እንከራይ፣ ራሳችን እያበሰልን፣ እያወራን፣ ትንሽ እንረፍ፣ ከዚያ አብረን ወደ ጨንቻ እንወጣለን።"

እሺ አልኳት፣ ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ቤቱን ያገኘችው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ሴቻ የሚባለው የላይኛው ሰፈር፣ ከበረንዳው ሐይቁ ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ "ሙሉ ኪችን ያለው" ተብሎ ባለአራት ምድጃ የጋዝ ማብሰያ በፎቶ የተለጠፈለት። ስንገባ ማብሰያው እውነትም አለ፣ ሲሊንደር ግን የለውም፣ ለፎቶ ነው ያቆሙት። ፍሪጁን ስከፍት የተጣጠፈ አንሶላ ሞልቶታል። ያለው አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ ማዞሪያው ወልቆ በሹካ ጫፍ የሚዞር፣ አንድ የብረት ድስት፣ አንድ የውሃ ማፍያ፣ አንድ የእንጨት ማንኪያ፣ ሁለት ሳህን፣ አንድ ደግሞ ቲማቲም ሳይቆርጥ የሚጨፈልቅ ቢላዋ። ቤቱን የምትጠብቀው ዘነበች የምትባል የዚያው አገር ሴት ናት፣ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ትኖራለች፣ "የጎደለ ነገር ካለ ጥሩኝ" አለችንና ስቃ ሄደች፣ ምን ያልጎደለ ነገር ኖሮ።

የመጀመሪያውን ቀን በውሃ ማፍያው እንቁላል ቀቅለን በሙዝ በላን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቅን እንኳ። በሁለተኛው ቀን በሚኒባስ ታች ሰፈር፣ ሲቀላ ገበያ ወርደን ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይትና ጨው ገዝተን ተመለስን። በዚያ ቢላዋ አሥራ ሁለት ድንች ላጥኩ፣ መዳፌ እስኪቀላ፣ ለሁለት ለሁለት ከፈልኳቸው፣ ድስቱ ውስጥ ከነውሃው ጣድኩ፣ ቀቅዬ ሳበቃ በዚያው ድስት ሽንኩርቱን ላቁላላ ነው፣ ሌላ ድስት የለማ። ምድጃው ገና መቅላት እንኳ ሳይጀምር መብራት ድርግም።

"ይመጣል" አልን፣ ሁላችንም የምንለውን፣ ድንቹን እንደተጣደ ትተን በረንዳ ወጣን።

አቀማመጣችንን ልብ በሉልኝ። በረንዳው ከፊት ለፊት ነው፣ ወደ ማብሰያው ክፍል ለመግባት በሳሎኑ ማለፍ ግድ ነው፣ የሳሎኑ በር ደግሞ ከእኔ ወንበር ጀርባ ነው። ማብሰያው ክፍል ሌላ በር አለው፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ። ዝናቡ ከሐይቁ ማዶ ጀምሮ ወደ እኛ እየመጣ ነበር፣ ሰማዩ ጠቆር ብሏል፣ ሙቀቱ ግን አልቀነሰም። ትጉ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና፦

"እታለም፣ በመጨረሻው ቀን እማዬ ስሜን ጠርታ ነበር?" አለችኝ።

"ይሄን ጠይቀሽኝ መልሼልሻለሁ።"

"ቀብር ላይ ተናደሽ ነበር፣ አሁን ንገሪኝ።"

"አልጠራችሽም።"

ለእናንተ አልዋሽም፣ ጠርታታለች። ሌሊቱን ሙሉ ስትጠራት ነው ያደረችው፣ ከንፈሯን በጥጥ እያረጠብኩ ያደርኩት እኔ ነኝ፣ የምትጠራው ትጉን ነው፣ አንዴ እንኳ የእኔን ስም አላነሳችም። ከሳምንት በፊት ጀምሬ ነይ እያልኩ ስደውልላት ሱቁን ለማን ልተወው ያለችኝን ሴት፣ "ስምሽን እየጠራች ሞተች" ብዬ ላስደስታት? አላደርገውም አልኩ፣ አላደረግኩትም።

"ምንም አላለችም?"

"ውሃ አለች።"

ትጉ ማልቀስ ጀመረች፣ ዝናቡም ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ይሄኔ ነው የሰማሁት፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ሦስት ጊዜ፣ ማንኪያ በድስት ከንፈር ላይ ሲመታ፣ ሰው ወጥ አማስሎ ማንኪያውን እንደሚያራግፈው። ትጉም ቀና አለች።

"መብራት መጣ?"

በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ተጫንኩት፣ የለም።

"ጎረቤት ነው" አልኳት።

ትንሽ ቆይቶ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ቸስ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ሽታው፣ ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆን ያለው ጣፋጭ ሽታ። ጎረቤት ነው፣ ጎረቤት ነው እላለሁ በሆዴ፣ ጎረቤቱ ከሙዝ ተክሉ ማዶ ነው፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ ድምፁ እንዴት ተሻግሮ ይሰማል አትበሉኝ፣ እኔም ያኔ አላልኩም። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደተቀመጥን አላውቅም፣ አሥር ደቂቃም ይሆናል፣ ግማሽ ሰዓትም ይሆናል፣ ትጉ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች፣ እኔ ዝናቡን አያለሁ። በመጨረሻ የድስት ቂጥ ሲፋቅ ሰማን፣ ክርር፣ ክርር፣ ቀስ ተብሎ፣ በደንብ ተጠንቅቆ። ያኔ ትጉ ብድግ አለች፣ ተከተልኳት።

ማብሰያው ክፍል ውስጥ ማንም የለም። ድስቱ ታጥቦ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ተደፍቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን አለ፣ በሌላው ሳህን ተከድኗል፣ ከጎኑ የእንጨት ማንኪያው። ትጉ ክዳኑን ስታነሳው እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ወጣ። ምድጃው ላይ መዳፌን አሳረፍኩ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ድንጋይ።

ድንቹ በእጅ ነው የተፈረካከሰው፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ገብቶበታል፣ ከላይ ደግሞ ከድስቱ ስር የያዘው ጠበስበስ ያለው ቅርፊት ተፍቆ ተቀምጦበታል። ይሄ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፣ እኛ ቤት ግን ያ ቅርፊት የትጉ ነው። ልጅ ሆነን እናቴ ድስቱን ፍቃ ያቺን ከትጉ ፊት ታስቀምጣለች፣ እኔ አንድ ቀን እጄን ስሰድ በማንኪያው ጀርባ ጣቴን መትታኛለች፣ "ላንቺ አይደለም" ብላ።

"እማዬ!" አለች ትጉ። ወንበር እንኳ አልሳበችም፣ ቆማ በእጇ መብላት ጀመረች፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ "እማዬ፣ እማዬ፣ ታውቂያለሽ አይደል?" እያለች። ከዚያ ጎርሳ ሳትጨርስ ወደ እኔ ዞረች፣ "ነይ ብይ እታለም፣ የእሷ እጅ ነው፣ ቅመሺው!"

"አልራበኝም" አልኳት።

አልፈራሁም ብላችሁ አታምኑኝም፣ ፈርቻለሁ፣ ግን ከፍርሃቱ በፊት የመጣብኝ ቅናት ነው። ድንቹን የላጥኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ያጎረስኳት እኔ ነኝ። እናቴ ከሞት ተመልሳ መጥታ ከሆነ ለማን ነው ያቀረበችው? ሁለተኛ ሳህን እኮ ነበር፣ እዚያው እጇ ላይ ነበር፣ መክደኛ አደረገችው።

መብራቱ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ትጉ ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ በላብራቶሪ ጭንቅላቴ ሳሰላ አደርኩና ወደ ንጋት መልሱን አገኘሁት፣ የጓሮው በር አልተቀረቀረም ነበር፣ ዘነበች ናት! መብራት ሲጠፋ አዝናልን በከሰል ሠርታልን ሄዳለች፣ ቅርፊቱ አጋጣሚ ነው። እንዴት ቀለለኝ መሰላችሁ።

ጠዋት ትጉ ሻንጣ ስትዘጋ ጓሮ ሄድኩ። ዘነበች ልብስ ታሰጣለች።

"ዘኑ፣ ለትናንቱ ምግብ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት።

"የምን ምግብ?"

"ድንቹን ነዋ፣ በከሰል የሠራሽልን።"

"እኔ መቼ ሠራሁ እትዬ? ከሰል ይዤ መጥቼ ነበር፣ እውነት ነው፣ መብራት ሲጠፋ እነዚህ ሴቶች ጦማቸውን ሊያድሩ ነው ብዬ። የጓሮውን በር ከፈት ሳደርግ አንቺ እየሠራሽ ነው፣ ተመለስኩ።"

"እኔ?"

"አንቺ ነሽ እንጂ! ሻሽ አስረሽ፣ ድስቱን እያማሰልሽ።"

እኔ ሻሽ አላስርም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ያለ ሻሽ ማብሰያ ቤት የማትገባው እናቴ ነበረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ትጉ አባታችንን ነው የምትመስለው፣ እናቴን ቁርጥ የምመስለው እኔ ነኝ፣ ግንባሬ፣ አገጬ፣ ትከሻዬ ሳይቀር፣ ለቀስተኞቹ እኔን ሲያዩ ነው ያለቀሱት። መልኳን ለእኔ ሰጥታ ሆዷን ለእሷ።

"ጀርባዬን አይተሽ ነው" አልኳት።

"ኧረ ዞረሽ አይተሽኛል! 'መብራት የለም እኮ፣ በምን ትሠሪያለሽ?' አልኩሽ።"

"ምን አልኩሽ?"

"'ደርሷል' አልሽኝ። ሌላ አላልሽም። ፊትሽ ደከም ብሎብኝ ነበር፣ መንገዱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ምነው እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?"

አላመመኝም አልኳት፣ ቁልፉን ሰጥቻት ወጣሁ።

ሚኒባሱ የጨንቻን ዳገት ሲጀምር ትጉ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ ከዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ "ይቅር ብላኛለች፣ አይደል እታለም?" አለችኝ። ዘነበች ያየችው የእኔን መልክ ነው ብዬ ብነግራት ያ ሁሉ ደስታዋ እዚያው ወንበሯ ላይ ይፈርስ ነበር። አልነገርኳትም። ለእሷ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት፣ ብናገረው ሌላ ነገር መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው፣ እሱን ግን መጠየቄ አልቀረም።

"ትጉ፣ ትናንት በረንዳ ላይ ሳለን፣ ከመሃል ተነስቼ ነበር?"

"እኔ እንጃ" አለች ዓይኗን ጨፍና፣ "እያለቀስኩ ነበር እኮ፣ ምን አይቼ።"

አልተነሳሁም። ከዚያ ወንበር ንቅንቅ አላልኩም፣ ይሄን ጨንቻ በደረስንበት ደብር እምልላችኋለሁ። ትጉ እስክትተኛ ጠበቅኩና ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ ቀኝ እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ሳሙና ነው የሸተተኝ፣ ሳሙና ብቻ፣ ሽንኩርት አይደለም፣ እመኑኝ። ግን እርግጠኛ ከሆንኩ፣ ምን ፈልጌ ነው ያሸተትኩት?