ከጥንቅሹ ሥር የበቀለችው አበባ

ዙልፋ በሸዋ ሮቢት መናፈሻ ከሽንት ቤቱ ጀርባ በሆዷ ተኝታለች። የወንድሟን የኑዕማንን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ፣ ስክሪኑ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሿን ውጣለች።

«አንቺ ልጅ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉ የመናፈሻው ጥበቃ ጋሽ ደምሴ ከጀርባዋ ደርሰው።

«ደህና ነኝ ጋሼ። አበባ እያነሳሁ ነው።»

«አበባውማ በሩ ጋ አለልሽ አይደል? ማዘጋጃ ቤት ያስተከለው። ሙሽራው ሁሉ እዚያ ነው የሚነሳው።»

«የተተከለ አይሆንም። ራሱ የበቀለ ነው የተባልነው።»

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዙልፋ የተኛችው ከጥንቅሽ ሥር ነበር። እሳቸው አገዳዎቹን ሽቅብ አዩና ማንም ሳይጠይቃቸው «ይኸም ራሱ የበቀለ ነው» አሉ። ጥንቅሹ በመስመር፣ በእኩል ርቀት ቆሟል። ዙሪያው ተኮትኩቷል፤ ውሃም ጠጥቷል። ዙልፋ ወደ ስልኩ ተመለሰች። ጋሽ ደምሴም ሌላ ጥያቄ ሳያነሱ ሄዱ።

ነገሩን ያመጣው የተፈጥሮ ክበብ ነው። የክበቡ መምህር ቲቸር ወርቁ ሕጉን ሰሌዳ ላይ ጽፈውታል። እያንዳንዱ አባል መናፈሻው ውስጥ ማንም ሳይተክላት የበቀለች አበባ ፈልጎ ፎቶ ያነሳል። የቀጠፈ ወይም የነቀለ ይሰረዛል። ሰኞ ክበቡ በሙሉ መናፈሻው ድረስ ሄዶ አበባዎቹን በበቀሉበት ያያል። ያሸነፈው ፎቶ በትልቁ ታትሞ ከነአንሺው ስም በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሰቀላል። ከአባላቱ አንዱ፣ ሄኖክ፣ «ጽጌረዳ ይቆጠራል?» ብሎ ጠየቀ። አይቆጠርም ተባለ። ሄዶ ጽጌረዳ አነሳ።

የዙልፋ ስም በትምህርት ቤቱ የሚነሳው አቴንዳንስ ሲያዝ ብቻ ነው። በር ላይ ተሰቅሎ ማየት ፈልጋለች። ለዚህ ስትል የኑዕማንን ሸሚዞች በሙሉ ልትተኩስ ተስማምታ ስልኩን ተዋሰች። ሌሎቹ ያገኙት ያችን ሰማያዊ የውሃ አንቁር ነው፤ እሷማ ቦይ ባለበት ሁሉ አለች። የዙልፋ አበባ ግን ከጥንቅሹ ሥር ብቻዋን ቆማለች። ሮዝ ናት፤ ወደ ሐምራዊ ትወስዳለች። ቀጥ ካለው ግንዷ ላይ ከታች ወደ ላይ በየተራ ትፈካለች። ዙልፋ ፍየል እንዳይበላባት እሾህ አጠረችላት፤ በሃይላንድም ውሃ አመላለሰች።

ዓርብ ከትምህርት መልስ ጓደኛዋን ማህሌትን ይዛት መጣች። ማህሌት የቀወት ገበሬ ልጅ ናት። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ልታመጣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት ዙልፋ። «እሺ፣ ግለጪ! ቀሽት አይደለችም?»

ማህሌት ዓይኗን ገለጠች። ወዲያው ጎንበስ አለችና እጇን ወደ አበባዋ ግንድ ሰደደች።

«አበድሽ እንዴ!» ዙልፋ እጇን ያዘቻት።

«አቀንጭራ እኮ ነው ዙልፋ!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የማሽላ ጠላት ነዋ፤ ጥንቅሽም ማሽላ ነው። ከሥር ሆኖ ይመጠዋል። አንቺ አበባ ነው የምታዪው፤ እሱ መሬት ውስጥ ስንት ጊዜ ሲጠጣ ከርሟል።»

«አንዲት አበባ ናት፤ አታካብጂ።»

«ፍሬዋ ሲደርቅ ይፈነዳል። ዘሯ አቧራ ነው፣ በዓይን አይታይም። በጫማ ይሄዳል፣ በፍየል እግር ይሄዳል። ማሽላ እስኪዘራ መሬት ውስጥ ይጠብቃል። ዓመት ቢሆን፣ አስር ዓመት ቢሆን ይጠብቃል።» ማህሌት እጇን ከዙልፋ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች። «እኔ አራተኛ ክፍል እያለሁ ማሳችን በሙሉ እንዲህ ሆነ። ማሽላው ከጉልበት አላለፈም። አበባው ግን ከአስፋልቱ ሲያዩት ሰርግ ቤት ነው የሚመስለው። አንድ ሚኒባስ ቆመና ሰዎች ወርደው ፎቶ ተነሱበት። አባቴ ዳሩ ላይ ቆሞ ነበር። ‹አባት፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን› አሉት።»

«ከዚያስ?»

«ዞር አለላቸው።»

 ዙልፋ ስልኩን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ሰኞ ቲቸር ካዩዋት በኋላ ራሴ እነቅላታለሁ፣ ወላሂ» አለች በመጨረሻ።

 «እሺ» አለች ማህሌት። «ነገ ወደ ቤት ስሄድ በዚህ አልፋለሁ። ፎቶ ስታነሺ ንፋስ ካለ በነጠላዬ እከልልልሻለሁ።»

ማህሌት ብትቆጣት ለዙልፋ ይሻላት ነበር።

ማታ ሸሚዝ እየተኮሰች ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንደኛውን በሁለት ጣቷ ለጠጠችው። ላይኛዎቹ አበቦች አምረዋል። ወደ ታች ስትወርድ፣ ቀድመው የፈኩት ረግፈው በቦታቸው ጥቃቅን ፍሬ ይዘዋል። አረንጓዴ ናቸው። የመጨረሻዋ ግን ጫፏ እየደረቀ ቡናማ መሆን ጀምሯል። ዙልፋ እስኪበቃት አየቻት። የሸሚዙ ሽታ ተለወጠና ኑዕማን ከጓዳ «ምንድን ነው የሚቃጠለው?» ብሎ ጮኸ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ መናፈሻው ደረሰች። አበባዋ እስከ ጫፏ ፈክታለች። እንደዚህ አምራ አታውቅም። ፎቶውን አነሳች፤ በር ላይ የሚሰቀለው እሱ መሆኑን ወዲያው አወቀች።

ማህሌት ባዶ የስንቅ ዘንቢሏን አንጠልጥላ መጣች። የሲሚንቶው መንገድ ዳር ስትደርስ ቆመች።

«ነይ እንጂ!» አለች ዙልፋ። «ንፋስ አለ፤ ነጠላሽን!»

«እዚሁ ልሁን፣ ዙልፍዬ።»

«ምነው?»

«ወደ ቤት ነው የምሄደው፤ በዚሁ ጫማ» አለች ማህሌት።

ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ለመዘርጋት ሞከረች፤ ከቆመችበት ግን አይደርስም። እንደዚያ እጇን ዘርግታ ስትታይ ታስቅ ነበር። ዙልፋን ግን አላሳቃትም። መጀመሪያ አበባዋን፣ ከዚያ መንገዱ ላይ የቆመችውን ጓደኛዋን አየች። ስልኩን ኪሷ ከተተች።

«ማሂ፣ እንዴት ነው የሚነቀለው?»

 ማህሌት ከዘንቢሏ ፌስታል አወጣች፤ ጠቅልላ ወረወረችላት። «መጀመሪያ ከላይ አልብሻት። ከዚያ ከታች ያዢና ቀስ ብለሽ ሳቢ። እንዳታራግፊያት።»

ዙልፋ ጠንክራ ልትስብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ምንም አላስፈለገም። የራሷ የሚባል ሥር እምብዛም የላትም፤ ክር የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ ከጥንቅሹ ሥር ተላቆ ወጣ። ፌስታሉን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

ጋሽ ደምሴ ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። «አሁን ደግሞ ምን እየነቀልሽ ነው?»

«አቀንጭራ ነው፣ አባባ» አለች ማህሌት ከመንገዱ ላይ።

«አቀንጭራ? ምን በወጣው! በኔ ጥንቅሽ ላይ?» አሉ። ወዲያው ግራና ቀኝ አዩ። «ማለቴ... እዚህ በበቀለው ላይ።»

«መቃጠል አለበት፣ ጋሼ» አለች ዙልፋ። «ሌላም ከመሬት ብቅ ካለ ሳያብብ ይንቀሉት።»

ጋሽ ደምሴ ፌስታሉን ከራሳቸው አርቀው፣ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ቆሻሻ ማቃጠያው ሄዱ። እየሄዱ ከራሳቸው ጋር ያወራሉ። ጥቂት ቆይቶ ጭስ ወጣ።

ዙልፋ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ሶሉን በእንጨት ፈቀፈቀች፤ እርስ በርስ አጋጭታ ወደ ጥንቅሹ በኩል አራገፈችው። ማህሌት አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም ጭሱን ያያሉ።

«ፎቶው አለሽ አይደል?» አለች ማህሌት።

«አለኝ።»

«ዝም ብለሽ ስጪያቸዋ። ፍየል በላብኝ በያቸው። ማን ያውቃል?»

ዙልፋ ሐሳቡን አልጠላችውም። በመናፈሻው ውስጥ ፍየል ሞልቷል፤ አንዷ እንዲያውም የሄኖክን ጽጌረዳ እየበላች ነበር። ጫማዋን አጥልቃ ክሩን ቀስ ብላ አሰረች።

«ባጃጅ እንዳያመልጥሽ» አለች ተነስታ።

«አልመለስሽልኝም። ሰኞ ክበቡ በሙሉ ሲመጣ ምን ልታሳዪያቸው ነው?»

ዙልፋ ከጥንቅሹ ሥር የቀረችውን ባዶ ቦታ ዞር ብላ አየች። የስኒ አፍ ታክላለች።

«ጉድጓዷን» አለችና ባዶውን ዘንቢል በአንድ ጆሮው ተቀበለቻት።