በዚያው ማርሽ ወረድክ

ሽማግሌው ሰማታር በጀርባው ተዘርግቷል፤ ዝንብ ከንፈሩን ወርሮታል። ኢንስፔክተር ዳሃቦ ትራሱን ገለበጠችው። በሥሩ በኩል አረንጓዴ የጫት ምራቅ ደርቆበታል፣ ልክ የሰው አፍ ያህል። አፍኖ የገደለው ሰው ትራሱን አገላብጦ መልሶ አንተርሶታል። አፏን በእጇ ሸፍና ፊቷን አዞረች።

ሰማታር ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ሁለት ዓመት ከአልጋ ያልወረደ ገጣሚ ነበር። ጠዋት አብራው የነበረችው ልጁ ዊዳድ ብቻ ናት ተብሎ፣ ምስኪኗ በካቴና ታስራለች።

«ወላሂ ስወጣ ደህና ነበር!» አለች። «ለሞተው የአገራችን መሪ የልቅሶ ግጥም ጨርሶ ኪሱ ከተተ። እኔ ታይዋን ገበያ ልብስ ልሸጥ ሄድኩ። ስመለስ ወረቀቱም የለም፣ አባዬም የለም።»

«በሩስ?»

«አቦ፣ እኛ ሰፈር በር መቼ ይዘጋል!»

የአገሪቱ መሪ ካረፈ ገና አራተኛ ቀኑ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የከተማው የኪነት ክበብ ሊቀ መንበር ነህምያ በልቅሶው መድረክ ላይ እያነባ «የራሴ ነው» ያለውን ግጥም አነበበ። በግጥሙ ውስጥ መሪው ሾፌር፣ አገሪቱ መኪና ሆነው እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ። ዳሃቦ ከኋላ ቆማ አዳመጠች።

በማግስቱ ሰማታር ግቢ ሰበሰበቻቸው፤ ዊዳድን፣ ነህምያን፣ እንዲሁም ባለፈው ሳምንት ከአጎቱ ከሰማታር ጋር የተጯጯኸውን የዋሂል መስመር ሾፌር ሉቅማንን።

«አቶ ነህምያ፣ እዚህ ቤት መቼ መጡ?»

«ወር አልፎኛል።»

«እስቲ ግጥምዎን ያስረዱኝ። ‹ዳገት በወጣህበት በዚያው ማርሽ ወረድክ፣ እኛን ጭነትህን ሳትደፋን አደረስክ።›»

ነህምያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሾፌሩ መሪው፣ ጭነቱ ሕዝቡ ነው። ወጣ፣ ወረደ... የውድቀት ኀዘን ነው።»

«ከወደቀ ታዲያ እንዴት ሳይደፋን አደረሰን?»

ሉቅማን ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው ዳሃቦ።

«ይሄ ሰውዬ መሪ ጨብጦ አያውቅም! ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ፍሬን ላይ ብቻ ከቆምክ ፍሬኑ ግሎ ይከዳሃል። ዳገቱን በወጣህበት ከባድ ማርሽ ቀስ ብለህ ነው የምትወርደው። አጎቴ እየተሳደበ ያስተማረኝ ይሄንን ነው። የተጣላነውም በአነዳዴ ነው።»

«እንግዲያው ሙገሳ ነው» አለች ዳሃቦ። «ማርሹ የመሪው ትዕግሥት ነው፤ በአስቸጋሪው ጊዜ ያልቸኮለበት። ይህን የጻፈው ሾፌር ነው። መሪው ከሞተ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ስለዚህ ግጥሙ ከዚያ አይቀድምም። ሰማታር ከአልጋ አይወርድም፤ ወረቀቱን ፈላጊው ራሱ መጥቷል። ዊዳድ ጠዋት ስትወጣ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ከሰዓት መድረክ ላይ ተነበበ። ወር አልፎኛል ያልከው አንተ፣ ቦርሳህን ክፈት።»

ነህምያ ቦርሳውን አቀፈ። ሉቅማን ነጥቆ ከፈተው። በሰማታር የተንጋደደ ጽሕፈት የተሞላ፣ የጫት ምራቅ የነካው ወረቀት ወጣ።

«ነገ ሬዲዮ ላይ ላነበው ነበር» አለ ነህምያ። «ስጠኝ ብለው ሳቀብኝ። አልጋ ላይ በስብሶ ማን ይሰማዋል? እኔ ሕዝቡን አስለቅሼበታለሁ! ይሄ አይቆጠርልኝም?»

ካቴናው ከዊዳድ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ።

«ውሰዱልኝ» አለች ዳሃቦ ለፖሊሶቹ። ጓሮ ዞራ፣ ትራሱን ካየች ጀምሮ ታግላ የያዘችውን አስመለሰች። ዊዳድ ተከትላት ወጣች፤ በተፈቱት እጆቿ ጆግ አንስታ ውሃ አፈሰሰችላት።