ሠላሳ የውሸት ጥያቄ

እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ይሰናከላል። የሁለቱ ሥራ ይኸው ነበር።

የምትጽፈው የፕሮግራመሮች መመሪያ ነው። ድርጅቱ የሚሸጠው ሶፍትዌር የድረ ገጽ ጽሑፍና ፎቶ አስቀምጦ ሲጠሩት ያቀብላል እንጂ ገጹን ራሱ አያሳይም። ማሳያውን የገዢው ፕሮግራመር ይሠራዋል፤ እንዴት እንደሚሠራው የሚነግረው የእሷ መመሪያ ነው። እናቷ ሶፍትዌሩ «ጭንቅላት የሌለው» እንደሚባል የሰማች ቀን፣ «እንደ አለቃሽ ነዋ» ብላ ስቃለች።

እሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚቀመጥ፣ መመሪያዋን የሚሞክር ፈታሽ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ የተጻፈውን ብቻ ማድረግ። መንገዱ የጠፋበት ቦታ ላይ ኅዳጉ ላይ ጥያቄ ይጽፋል።

መጀመሪያ የጻፈላት፣ «አራተኛው እርምጃ ላይ ‹ቁልፉን አስገባ› ይላል። የቱን? የቤቴን?» የሚል ነበር።

ደረጃውን ወጥታ ሄደች። ጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ ያለችው የሶፍትዌሩን የይለፍ ኮድ እንደሆነ አሳየችው። እሱ ስክሪኑን ትቶ ጣቷን ያያል። ሲያያት አየችው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዛ።

«ፎቶውን ጠራሁት፣ አልመጣም።»

«ስንቴ ጠራኸው?»

«አንዴ። ኩሩ ነኝ።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ዘጠነኛው ላይ ጠፋሁ» ይላል።

«ይሄን የሚያህል ሰው በየቀኑ ይጠፋል?»

«የሚፈልገው ካለ ምን ቸገረው።»

እሷም አልጠላችውም። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ከመውጣቷ በፊት ፀጉሯን ታስተካክል ነበር።

አንድ ዓርብ አለቃዋ ጠራት። ጥያቄዎቹን አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል።

«አርባ አንድ። የሌሎቹ ጸሐፊዎች ከአምስት አያልፍም። መመሪያሽ ሰው ያደናብራል። በቃ፣ እንለያይ።»

የመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ካርድም በዚያው ቀን ተዘጋ። እናቷ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን የምትታጠበው በዚያ ካርድ ነው። ቅዳሜ ከሆስፒታሉ የክፍያ መስኮት መለሷቸው። ሰኞ ጠዋት እናትየው ትንፋሽ አጥሯት ድንገተኛ ክፍል ገባች።

ፈታሹ የጸሐፊዋን ባዶ ወንበር አይቶ ደወለላት። ኮሪደር ላይ ቆማ አነሳችው።

«አርባ አንድ ጥያቄ አለብሽ ብለው አባረሩኝ። እናቴ እዚህ እያቃሰተች ነው። ስንቱ ነው እውነት?»

«አስራ አንዱ።»

«ሠላሳውስ?»

«እንድትመጪልኝ ነው።»

«ስልክ ነበረህ እኮ።»

«ነበረኝ። ፈራሁ።»

ዘጋችው።

በቀጥታ አለቃዋ ዘንድ ገብቶ ተናዘዘ። አለቃው እሷን መለሰ፤ እሱን አስወጣ። ካርዱ በማግስቱ ተከፈተ። እናትየው ተረፈች፤ ግን እግሯ ከዳትና በተሽከርካሪ ወንበር ቀረች።

ሊጠይቃቸው ቤታቸው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ማነው?» አለች እናት።

«ለዚህ ያበቃሽ» አለች ልጅቷ።

እናትየው ከላይ እስከ ታች አየችው። «ታዲያ ቆሞ ነው የሚያየኝ? ይምጣና ጋሪውን ይግፋ።»

ገፋ። ከዚያ በኋላም በእናትየው የእጥበት ቀን ሁሉ ከደጃፋቸው አልታጣም። ልጅቷ ከፊት ትሄዳለች፤ አታናግረውም። እናትየው ናት በሁለቱ መሃል የምታወራው፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ድንች የጫንክ አስመሰልከው።»

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ማክሰኞ እናትየው ከማሽኑ ጋር እንደተያያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ክንዷ ከስቶ መርፌው የገባበት በልዟል። ሁለቱም የበለዘውን ክንድ ያያሉ።

«ይቅር ብለሽኛል?» አለ በሹክሹክታ።

የእናቷን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነች።

«አላልኩህም።»

ጃኬቱን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ።

«ሐሙስ ተራዋ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» አለች ሳትዞር። «እንዳታረፍድ።»